ጥሊሊ፣ የሸሸው ባሕርና የፋኖስ ሻርክ ታሪክ

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ጥሊሊ ከባሕር እጅግ የራቀች የደጋ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ አድርጎ ወደ እንጅባራና ባሕር ዳር የሚሄደው አውራ ጎዳና በመካከሏ ያልፋል፤ በዙሪያዋ የሚዘንበው ዝናብም በየወንዙ ተሰብስቦ ወደ አባይ ይወርዳል። እንዲህ ያለችው ከተማ በጥልቅ ባሕር ጨለማ ውስጥ ከሚኖርና ከገዛ አካሉ ብርሃን ከሚያወጣ ትንሽ ሻርክ ጋር በአንድ ታሪክ ውስጥ መነሣቷ ለጊዜው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም የጎጃም ምድር ራሱ በአንድ ዘመን የባሕር ወለል የነበረ በመሆኑ፣ ጥሊሊ የምትገኝበት የአገው ምድር ነጋዴም ባሕሩን ሳያይ የባሕሩን ፍሬ በእጁ ሲይዝና የራሱን ምርት ወደ ባሕሩ ሲያወርድ የኖረ በመሆኑ፣ የሁለቱ ታሪክ ከሚታሰበው በላይ የተቀራረበ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ዓሣው ምን እንደሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። ሻርክ ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ሰው የሚበላ ግዙፍ ዓሣ ቢሆንም፣ በሳይንስ ስሙ ኤትሞፕቴረስ፣ በተለምዶ ደግሞ የፋኖስ ሻርክ የሚባለው ወገን አብዛኛው ከአንድ ክንድ እምብዛም የማይበልጥ ነው። ከእነዚህ መካከል በካሪቢያን ባሕር በኮሎምቢያ ጠረፍ አቅራቢያ የሚገኘውና ስፕሪንገርና በርጌስ የተባሉ ሁለት የዓሣ ሊቃውንት በ1985 ለሳይንስ ያስተዋወቁት ኤትሞፕቴረስ ፔሪ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚረዝም በስንዝር የሚለካ ሻርክ ነው፤ በዓለም ላይ ከሚታወቁት ሻርኮች በትንሽነቱ ተወዳዳሪ ያለው አይመስልም። መኖሪያው ከባሕሩ ገጽ ወደ ታች ከ280 ሜትር በላይ በሆነ ጥልቀት ነው። በዚያ ጥልቀት የፀሐይ ብርሃን ፈዝዞ ሰማያዊ ጭላንጭል ብቻ ይቀራል፤ ወደ 1,000 ሜትር ሲቃረብም ጭርሱን ይጠፋል። የፋኖስ ሻርክ በሆዱ፣ በጎኑና በጅራቱ ላይ ፎቶፎር የሚባሉ፣ በዓይን ለመለየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን የብርሃን ብልቶች በብዛት አሉት፤ እያንዳንዱ ብልት ብርሃን የሚያመነጩ ሕዋሳትን፣ ብርሃኑን የሚሰበስብ እንደ መነጽር ያለ ክፍልንና ብርሃኑን የሚጋርድ ጥቁር ሽፋንን ይይዛል። ከዚህ የሚወጣው ብርሃን ሙቀት የሌለው፣ በሕያው አካል ውስጥ ከሚደረግ ኬሚካዊ ውሕደት የሚገኝ በመሆኑ ሕይወታዊ ብርሃን ሊባል ይችላል።

ወደ ምድሩ ታሪክ ሲመጣ፣ ከጥሊሊ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ደጀን ደርሶ ወደ አባይ ሸለቆ መውረድ ሲጀምር የሚያየው የድንጋይ ቅደም ተከተል ከማንኛውም መጽሐፍ የሚበልጥ ማስረጃ ነው። ከላይ ያለው ጥቁሩ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰና የረጋ ባዝልት ነው። ከእርሱ ሥር የአሸዋና የጭቃ ድንጋይ ይከተላል፤ ቀጥሎ ነጣ ወይም ቢጫ ያለና ንብብሩ እንደ ግንብ የተደረደረ የኖራ ድንጋይ ገደል ይመጣል፤ ከዚያም በታች ጀሶ ያለበት ንብብርና በመጨረሻ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። ኖራ ድንጋዩ በዋናነት የቀንድ አውጣ፣ የዛጎልና የሌሎች የባሕር ፍጥረታት ቅሪት በባሕር ወለል ላይ ተከማችቶ ሲጠብቅ የተፈጠረ ነው። ጀሶው ደግሞ ጥልቀት የሌለው የባሕር ውኃ በሙቀት ተንኖ ሲያልቅ የቀረ ዝቃጭ ነው። በ1867 እና 1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የመጣው የሥነ ምድር ሊቅ ዊልያም ብላንፎርድ ይህን የኖራ ድንጋይ በትግራይ እንደርታ ውስጥ ባየው ቦታ ስም የእንጣሎ ኖራ ድንጋይ ብሎ በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ ሰየመው፤ ስሙም እስከ ዛሬ በጎጃምና በሸዋ ላለው ንብብር ጭምር ያገለግላል። ድንጋዩ በጁራሲክ ዘመን፣ ከዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ከምሥራቅ ወደ መሬት የገባ ባሕር የተወው ነው።

በዚያ ዘመንና ከዚያ ጥቂት በኋላ በአካባቢው ሻርክ መሰል ዓሦች እንደነበሩ በጥርሳቸው ታውቋል። የሻርክ አጽም አጥንት ሳይሆን ለስላሳ ልምአጥንት በመሆኑ በብዛት በስብሶ ይጠፋል፤ ጥርሱ ግን ጠንካራ ከመሆኑም በላይ በዕድሜ ዘመኑ ሁሉ እየወለቀ ስለሚተካ በአንድ ሻርክ ሕይወት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ጥርስ ወደ ጭቃው ይወድቃል። ከአባይ ተፋሰስ፣ የሙገር የጭቃ ድንጋይ ከሚባለው ንብብር ተሰብስበው በ1999 በታተመ ጥናት ከተገለጹት ቅሪቶች መካከል ሂቦዶንት የተባሉት የጠፉ የሻርክ ዘመዶች ጥርሶች ይገኙበታል። ይሁን እንጂ እነዚህ በወንዝ አፍና ጥልቀት በሌለው ውኃ የኖሩ እንጂ የጨለማው ባሕር ነዋሪዎች አልነበሩም። የፋኖስ ሻርክ ቤተሰብ ጥንታዊ ቅሪት በአውሮፓ የተገኘው ክሬታሴየስ በሚባለው ዘመን መገባደጃ ላይ ከተፈጠረ ድንጋይ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ባሕሩ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ምድር ለቅቆ ከሄደ ብዙ ሚሊዮን ዓመታት አልፈው ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ባሕሩ ወደ ጎጃም በመጣ ጊዜ ብርሃን ያለው ሻርክ ገና አልተገኘም፤ ብርሃን ያለው ሻርክ በተገኘ ጊዜ ደግሞ ባሕሩ ሸሽቷል። ሁለቱ በዘመን ተላለፉ እንጂ በቦታ ብቻ አልተራራቁም።

ባሕሩ ከሸሸ በኋላ፣ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ፣ ከምድር ስንጥቅ የፈሰሰው የባዝልት ጎርፍ ደጋውን ሸፈነው። በአዊ አካባቢ እሳተ ገሞራው በዚያ አላበቃም፤ ከጥንቱ ጎርፍ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቅርብ በሆነ ጊዜ የተፈጠሩ ትናንሽ ጉብታዎችና የፍንዳታ ጉድጓዶች በእንጅባራና በጥሊሊ ዙሪያ ይታያሉ። ከእነዚህ ዝነኛው የዘንገና ሐይቅ ነው። በዛፍ የተከበበው ይህ ክብ ሐይቅ ከመንገዱ ዳር ሆኖ ሲታይ ከአንድ ኩሬ የሚለይ አይመስልም፤ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ነው። ቀይ ባሕርን ከሕንድ ውቅያኖስ የሚያገናኘው የባብ ኤል መንደብ መግቢያ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ካለው የወለል ደፍ ላይ ጥልቀቱ 137 ሜትር ገደማ ነው። የአዊው ሐይቅ ከቀይ ባሕር በር ይልቅ ጥልቅ መሆኑ ለማመን የሚያስቸግር እውነት ነው።

ይህ ንጽጽር ለማስገረም ብቻ የቀረበ አይደለም። የቀይ ባሕር መካከል ከ2,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቢሆንም፣ በሩ ጥልቀት የሌለው በመሆኑ የውቅያኖሱ ቀዝቃዛ የጥልቁ ውኃ ወደ ውስጥ ሊገባ አይችልም። በዚህ ምክንያት የቀይ ባሕር ውኃ እስከ ወለሉ ድረስ ከ21 ዲግሪ ሴልሺየስ የማይወርድ ሙቀትና ከውቅያኖስ የበለጠ ጨው ይዟል። ለቅዝቃዜ የተፈጠሩት የጥልቅ ባሕር ዓሦች፣ የፋኖስ ሻርክን የመሰሉት፣ በዚህ ደፍ ላይ ተሻግረው እንዲህ ባለ ሞቃት ጥልቀት ውስጥ ለመኖር አይመቻቸውም። በቀይ ባሕር ጥልቅ ውኃ የሚታወቀው ትንሽ ሻርክ ኢያጎ የሚባለው፣ ዓይኑ ትልቅ፣ ብርሃን ግን የሌለው ሻርክ ነው፤ እርሱም ለሳይንስ የታወቀው መባሒስ በተባለችው የግብፅ መርከብ በ1933 እና 1934 በተደረገው የጆን መሪ ጉዞ ከኦማን ባሕረ ሰላጤ በተገኘ ናሙና፣ በ1939 ነበር። ስለዚህ ኢትዮጵያውያን በአዱሊስም ሆነ በምጽዋ ዘመን ከባሕሩ ጋር የነበራቸው ጥንታዊ ግንኙነት ከፋኖስ ሻርክ ጋር ያላገናኛቸው በቸልታ ሳይሆን በባሕሩ አፈጣጠር ነው።

ባሕሩና የአገው ምድር ግን በንግድ ይገናኙ ነበር፤ የግንኙነቱም ሥር ጨውና ሰም ነው። አሞሌ የሚባለው የጨው ጥፍጥፍ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተጠርቦ የሚወጣ ሲሆን፣ ያ ምድር ቀይ ባሕር በተደጋጋሚ ገብቶበት የተነነበት፣ ዛሬም በዳርቻው የባሕር ዛጎልና ኮራል የሚታይበት የደረቀ ባሕር ነው። አሞሌው እንደ መሳያ ድንጋይ ረዘም ብሎ መካከሉ ወፈር፣ ጫፎቹ ቀጠን ያሉ ሆኖ ይጠረብና እንዳይሰበር በልጥ ይታሰራል፤ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ እየተጫነ ወደ ደጋ ሲወጣም ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ለብዙ መቶ ዓመታት ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። የጎጃም ገበያተኛ ጫፉ የተሸረፈ አሞሌ ሲሰጠው አገላብጦ የሚያይና አልቀበልም የሚል እንጂ በእጁ የያዘው የደረቀ ባሕር መሆኑን የሚያስብ አልነበረም።

ጨው ሲወጣ ሰም ይወርድ ነበር። ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ከጥሊሊ ብዙም ወደማይርቀው ወደ ግሽ አባይ መጥቶ የአባይን ምንጭ አይቷል፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በኅዳር 1770 እዚያው ደርሷል። ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ የአገው ሰዎች በአንድ ጊዜ 1,000 እና 1,500 እየሆኑ በየተራ ወደ ጎንደር ይወርዱ እንደነበርና ከብት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ስንዴ፣ ቆዳና ሰም ይዘው ከተማዋን ይመግቡ እንደነበር መዝግቧል። ሰም በጎንደር አብያተ ክርስቲያናትና በቤተ መንግሥቱ ጧፍ ሆኖ ይበራ ነበር፤ የተረፈውም ከነዝሆን ጥርሱና ከነዝባዱ ጋር ወደ ምጽዋ ይጓዝ ነበር። የጧፍ አሠራር ለማንኛውም ደብር ዲያቆን የታወቀ ነው፤ የጥጥ ክር ተገምዶ በለሰለሰ ሰም ይለበጥና በመዳፍ እየተዳመጠ እኩል ውፍረት እስኪይዝ ይሽከረከራል። የአገው ምድር ንብ የሠራችው ብርሃን ወደ ባሕር ጠረፍ ሲወርድ፣ ባሕሩ የራሱን ብርሃን በጥልቁ ሸሽጎ ይኖር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመጻሕፍትን ድርሻም መዝለል አይገባም። ደገኛው ኢትዮጵያዊ የባሕር ፍጥረትን ያወቀው በአብዛኛው በንባብ ነው። በትንቢተ ዮናስ ነቢዩን የዋጠው ዐንበሪ በየቤተ ክርስቲያኑ ይነበባል፣ ይሣላልም። በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ ደግሞ መርከበኞች ደሴት መስሏቸው የሚያርፉበትን ታላቅ የባሕር አውሬ ይተርካል። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ባሕር ማለት ግዙፍነት ነው፤ አውሬው ትልቅ፣ አደጋውም ትልቅ ነው። ስንዝር የሚያህል፣ ማንንም የማይጎዳ፣ ብርሃኑን ለመደበቂያ የሚጠቀም ሻርክ በዚህ የአስተሳሰብ ቅርጽ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ይህም የኢትዮጵያውያን ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የአውሮፓ ሊቃውንትም ለረጅም ዘመን እንደዚሁ ነበሩ።

ሻርክን በሳይንስ መንገድ ከኢትዮጵያ ጋር ያገናኘው ሰው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ሩፔል በ1831 ምጽዋ ወርዶ በስሜን አድርጎ ጎንደር ገባ፤ እስከ 1833 በአገሩ ቆይቶም ከጣና ዓሦች መካከል በርካቶቹን፣ ለምሳሌ ዛሬ ቤሶ በሚል የሳይንስ ስም የሚጠራውን፣ በ1835 ለዓለም ገለጸ። ያው ሰው በ1837 ስለ ቀይ ባሕር ሻርኮች ጽፎ የክንፎቹ ጫፍ ነጭ የሆነውን ትልቅ ሻርክ ሰየመ። አንድ ሰው በአንድ የጉዞ ሥራ የአባይን ራስጌ ዓሦችና የቀይ ባሕርን ሻርኮች አጣምሮ መመዝገቡ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን የያዛቸው ሻርኮች ሁሉ በመንጠቆና በመረብ የሚገኙ የላይኛው ውኃ ዓሦች ነበሩ። በሃያኛው ክፍለ ዘመንም የምጽዋ ዓሣ ሥራ በ1954 ገደማ በዓመት እስከ 25,000 ቶን ሲደርስ አብዛኛው ለእንስሳት መኖ የሚፈጭ ትናንሽ ዓሣ ነበር፤ ሻርክ የሚያዘው በዋናነት ለክንፉ ሲሆን ክንፉ ደርቆ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ይላክ ነበር። በ1993 ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ ከዚህ ጠረፍ ተለየች።

የፋኖስ ሻርክ የራሱ ታሪክ ደግሞ ከሰሜን ይጀምራል። ስዊድናዊው ካርል ሊኔዎስ በ1758 በአሥረኛው የሥርዓተ ፍጥረት እትሙ ዛሬ ኤትሞፕቴረስ ስፒናክስ የሚባለውን ሻርክ ሲመዘግብ ስሙን የሰጠው ከጀርባው ክንፎች ፊት ካሉት ሁለት እሾሆች ተነሥቶ ነው። በእጅ የተያዘ ሙት ናሙና ጥቁር ሆድ ያለውና እሾሃም ትንሽ ዓሣ ብቻ ስለነበር፣ ዓሣው በሕይወት ሳለ እንደሚያበራ ከስሙ የሚታወቅ ነገር የለም። ሻርክ ብርሃን እንደሚያወጣ ቀድሞ በጥንቃቄ የመሰከረው እንግሊዛዊው ሐኪም ፍሬደሪክ ቤኔት ነው። ቤኔት ከ1833 እስከ 1836 በዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ዓለምን ዞሮ በ1840 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሌሊት የተያዘ ትንሽ ሻርክ ወደ ጨለማ ክፍል ቢወሰድ የሆዱ ወገን በሙሉ አረንጓዴነት ባለው ብርሃን ክፍሉን እንዳደመቀ፣ በጉሮሮው ዙሪያ ያለው ጥቁር ቀለበት ብቻ ጨለማ ሆኖ እንደቀረ፣ ብርሃኑም ዓሣው ሲሞት እየደበዘዘ እንደጠፋ ጽፏል። ቤኔት ያየው የፋኖስ ሻርክ የቅርብ ዘመድ የሆነውን ኢሲስቲየስ የተባለውን ዓሣ ነበር። ምስክርነቱ ዛሬም አስተማማኝ የሆነው ያየውን ብቻ ስለጻፈ፣ በተለይም ብርሃን ያልነበረበትን ቦታ ጭምር ልብ ብሎ ስለመዘገበ ነው።

የብርሃኑ ጥቅም እስኪታወቅ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አልፏል። ከዘንገና ሐይቅ ጥልቅ ወደ ላይ የሚያይ ዓይን ቢኖር በገጹ ላይ የሚያልፍ ዳክዬ ከሰማዩ ብርሃን በታች ጥቁር ጥላ ሆኖ እንደሚታየው ሁሉ፣ በባሕርም ከላይ የሚዋኝ ዓሣ ከታች ለሚመጣ አዳኝ በጥላው ይታወቃል። የፋኖስ ሻርክ ይህን የሚያመልጠው ሆዱን ከላይ በሚወርደው ደካማ ሰማያዊ ብርሃን ልክ በማብራትና ጥላውን በማጥፋት ነው፤ ፋኖሱ ለማየት ሳይሆን ላለመታየት የተሰጠው ነው። የቤልጂግ ተመራማሪዎቹ ክላስና ማሌፌ በኖርዌይ በርገን አቅራቢያ ከሚገኝ የባሕር ወሽመጥ በተያዙ ሻርኮች ላይ ባደረጉት ሥራ በ2009 እንዳሳዩት፣ ይህን ብርሃን የሚያበሩትና የሚያጠፉት እንደ ሌሎች አብሪ እንስሳት ነርቮች ሳይሆኑ በደም የሚዘዋወሩ ሆርሞኖች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ሜላቶኒን ነው፤ በሰው አካል ሌሊት እየበዛ የእንቅልፍን ሰዓት የሚያስተካክለው ያው ሆርሞን በዚህ ሻርክ አካል ውስጥ መብራት ያበራል።

የጥልቅ ባሕር ሻርክ በሰው እጅ የገባበት ዋና ምክንያት ብርሃኑ ሳይሆን ጉበቱ ነው። እነዚህ ሻርኮች በውኃው ውስጥ እንዳይሰጥሙ የሚረዳቸው በዘይት የተሞላ ትልቅ ጉበት ነው፤ ጃፓናዊው ኬሚስት ሚትሱማሩ ጹጂሞቶ በ1906 ከዚህ ዘይት ለይቶ ያወጣው ንጥረ ነገር በኋላ ስኳሊን ተብሎ ወደ ቅባትና ወደ ክትባት ሥራ ገባ። ትርፉ ፈጣን፣ ጉዳቱም ፈጣን ነበር። ማልዲቭስ በ1980 አካባቢ የጀመረችው የጥልቅ ባሕር ሻርክ ጉበት ንግድ ከሃያ ዓመት ብዙም ሳያልፍ ዓሣው በመመናመኑ ወደቀ፤ አገሪቱም በ2010 ሻርክ ማጥመድን ጨርሶ ከለከለች። በዝግታ የሚያድጉና ጥቂት የሚወልዱ ፍጥረታት ላይ የተመሠረተ ንግድ እንዲህ መሆኑ አይቀርም፤ ትንንሾቹ የፋኖስ ሻርኮችም ለሌላ ዓሣ በተጣለ ጥልቅ መረብ አብረው ይጠፋሉ።

የፋኖስ ሻርክ በአማርኛ የተለመደ ስም የለውም፤ በዚህ ጽሑፍ የተያዘውም ከውጭ ስሙ የተመለሰ ነው። ነገር ግን ፋኖስ በመስታወት ተከልሎ በዙሪያው ሁሉ የሚያበራ መብራት ሲሆን፣ የዚህ ዓሣ ብርሃን ትንሽና ደብዛዛ፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚታይ ነውና፣ የገጠር ተማሪ ሲያጠናበት የኖረው ኩራዝ ይበልጥ ይስማማዋል። የሳይንስ መማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ባለኩራዝ ሻርክ ቢሉት ልጁ ከአያቱ ቤት የሚያውቀውን ነገር ይዞ ወደ ማያውቀው ባሕር ይሄዳል። ከጥሊሊና ከእንጅባራ ተማሪዎችን ይዘው ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ መምህራንም በደጀን ቁልቁለት ላይ የኖራ ድንጋዩ ገደል ሲደርስ፣ ለመቆም ደኅና በሆነ ቦታ አውቶቡሱን አስቁመው ልጆቹ ድንጋዩን በእጃቸው ይዳስሱ ዘንድ ያድርጉ፤ የሚዳስሱት የባሕር ወለል ነው።